የጋራ ካሜራችን፦ አዲሱን ቦዲ እንጠብቅ ወይስ ሌንስ እንያዝ?

ጸሐፊው፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ለፎቶ ማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ መነሻው ይኸው። «ማኅበሩ ቀጣዩ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ገበያ ላይ እስኪውል ይጠብቅ። ሲወጣ ከነሌንሶቹ ይግዛ። አባላት በተራ ይጠቀሙበት።» የጎደለውን ጨምሩ፤ የማያስኬደውን ሰርዙ።

ሠርግ አንሺው፦
ወደ ሚረርለስ መግባታችንን እደግፋለሁ። መጠበቁን ግን አልደግፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የካሜራ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ያጠራቀምነው ብር ቁጭ ባለ ቁጥር የሚገዛው ነገር ያንሳል። ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው) ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ጥሩ ሌንስ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ መጀመሪያ መወሰን ያለብን ማውንቱን፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበትን ዓይነት ነው።

አብዛኞቻችን እጅ ያለው የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ነው። ካኖን ኢኤፍ ማውንትን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጣ የፎከስ ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ አስቀመጠው። ያ ውሳኔ ዛሬ ጠቅሞናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚረርለሱ ማውንት አርኤፍ ሲመጣ ካሜራው ውስጥ መስታወት ስለሌለ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ (ምስሉን እስከሚቀበለው ክፍል) ያለው ርቀት ከ44 ሚሊሜትር ወደ 20 ወረደ። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባው አዳፕተር የሚሞላው ያንን 24 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የፎቶውን ጥራት አይነካም፤ ፎከሱም ይሠራል። የያዝነው ሌንስ አይጣልም ማለት ነው።

ጋሼ፣ ባለስቱዲዮው፦
ልጆች፣ የኔም ነገር ይታሰብ። እኔ ጋ ያሉት የድሮ የኒኮን ዲ ሌንሶች ናቸው። ኒኮን ኤፍ ማውንትን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይዞ የቆየ ነው። ለሚረርለሱ ማውንት ለዜድም አዳፕተር ሠርቷል አይደል?

ሠርግ አንሺው፦
ሠርቷል ጋሼ፣ ኤፍቲዜድ ይባላል። ግን ሞተር የለውም። የእርስዎ 50 ሚሊሜትር 1.8ዲ ፎከስ የሚያደርገው በካሜራው ሞተር ነው። በኤፍቲዜድ በኩል ሲገጠም በእጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ስቱዲዮ ውስጥ ይበቃዎታል፤ ለጥምቀት ጭፈራ ግን ይቸግራል። ሞተሩ ውስጣቸው ያለው ኤኤፍ-ኤስ የሚባሉት ቢሆኑ ኖሮ እኔም ለኒኮን በተከራከርኩ ነበር።

ወፍ አንሺዋ፦
ማውንቱ ላይ ተስማምቻለሁ። የኔ ጥያቄ ረጅም ሌንስ ነው። ጣና ዳር እየኖርን ማኅበራችን አንድ ረጅም ሌንስ የለውም፤ ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ማለዳ ፔሊካኖቹ ሲነሱ በ70-200 ቢያነሱት ነጥብ ነው የሚሆኑት።

የካኖን አርኤፍ 800 ሚሊሜትር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ ቀላልና ከሌሎቹ ረጃጅም ሌንሶች ርካሽ ነው። ግን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው ኤፍ 11 ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፤ አይሰፋም አይጠብም። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ለረፋድ ፀሐይ ይሆናል። የሐይቁ ውበት ያለው ግን ማለዳ ነው፤ ያን ሰዓት አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) ሰማይ ይወጣል። የኔ ምርጫ ያገለገለ ኢኤፍ 400 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ኤል ነው። ሌንሱ መንቀጥቀጥን አይከላከልም። እንደ ካኖን አር6 ያለ የሚረርለስ ቦዲ ግን ሴንሰሩን ራሱ ስለሚያረጋጋ በአዳፕተርም ቢሆን ያግዘዋል። የሚበር ወፍ ለማስቆም ለማንኛውም ፈጣን ሹተር ያስፈልጋል። በኤሌክትሮኒክ ሹተር አታንሱ፤ ሴንሰሩ መስመር በመስመር ስለሚያነብ ክንፉ ይጣመማል።

ገዳማትን የሚያነሳው፦
ለኔ ደግሞ ዋናው ያ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው፤ ድምፅ የለውማ። በቅዳሴ ሰዓት የድሮው ካሜራ «ቀጭ» ሲል ምእመናን ይዞራሉ፤ እኔም እሳቀቃለሁ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች በፍላሽ መምታት ነውር ነው። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ይግባልን፤ ውድ አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ፦ አምፖል ባለበት ኤሌክትሮኒክ ሹተር ፎቶው ላይ መስመር ሊያወጣ ስለሚችል ቀድሞ መሞከር ነው።

ወፍ አንሺዋ፦
እሱም ይግባ። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እኔ ባልደርስበትም ካሜራው ይግባልኝ።

ገንዘብ ያዥዋ፦
ባትሪውን ረሳችሁት። ሚረርለስ ስክሪኑም ሴንሰሩም ሁሌ በርቶ ስለሚሠራ ባትሪ ይበላል። መስታወት ያለው የካኖን 6ዲ በአንድ ቻርጅ ከ1,000 ፎቶ በላይ ያነሳል ተብሎ ነው የሚመዘገበው፤ አር6 በእይታ መስኮቱ 400 አይሞላም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሠርግ ላይ ምን ይኮናል? ደግነቱ የያዝናቸው ኤልፒ-ኢ6 ባትሪዎች አር6 ላይም ይገባሉ። ተጨማሪ ባትሪ በጀቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ጀልባና ታንኳ ላይ ሌንስ መቀየርም ይከልከል፤ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩ ለንፋስና ለእርጥበት ይጋለጣል።

ጸሐፊው፦
እሺ፣ እንዲህ አስተካክየዋለሁ፦

«ማኅበሩ አርኤፍ ማውንትን ይመርጣል። በመጀመሪያው ዙር አንድ ያገለገለ አር6 ቦዲ፣ የኢኤፍ አዳፕተር፣ ያገለገለ 400 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6፣ አንድ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 እና ተጨማሪ ባትሪዎች ይገዛሉ። የሚጠበቀው አዲስ ቦዲ ወጥቶ ዋጋው ከታወቀ በኋላ በሁለተኛው ዙር ይታያል። ውኃ ላይ ሌንስ አይቀየርም። የኒኮን ሌንስ ያላቸው አባላት የማኅበሩን የኢኤፍ ሌንሶች ለመጠቀም ቅድሚያ ያገኛሉ።»

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ትበቃለች?

ጋሼ፣ ባለስቱዲዮው፦
ተባረኩ፣ ትበቃለች። ያገለገለውን ሌንስ ግን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። በባትሪ መብራት ውስጡን እዩት፤ ሻጋታ ካለው ይቅር።

ገንዘብ ያዥዋ፦
እሱንም ጨምሩበት። ሁላችሁም ያላችሁን ሌንስ ዝርዝር እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፤ ከበጀቱ ጋር አያይዤ ለጉባኤው አቀርባለሁ።