በዓይን ቆብ ላይ የወጣ ለምጽ፦ ምን ይቀባል?

እናት ከአዳማ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ልጄ በቀኝ ዓይኗ ቆብ ላይ የታየባት ነጭ ነጥብ በጥቂት ወራት ሰፍቶ እስከ ዓይኗ ጥግ ደርሷል፤ አሁን ደግሞ በግራው በኩልም ጀምሯታል። አያማትም፣ አያሳክካትም። ጤና ጣቢያ ለምጽ ሳይሆን እንደማይቀር ነግረውን ወደ ቆዳ ሐኪም ጽፈውልናል፤ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው። እስከዚያው አንዲት ዘመዳችን ለእጇ የታዘዘላትን የቤታሜታዞን ቅባት እንድቀባት ትመክረኛለች፤ ሌሎች ጸበል ይበቃታል ይላሉ። ቅባቱ ለዓይን አካባቢ ይሆናል? ቀለሟስ የመመለስ ተስፋ አለው?

የቆዳ ሐኪም፦
ቤታሜታዞኑን አይቀቧት። የዓይን ቆብ ቆዳ እጅግ ስስ በመሆኑ ለእጅ የታዘዘ እንደ ቤታሜታዞን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ሆርሞን መሰል መድኃኒት) በቀላሉ ይሰርገዋል፤ ሳይቋረጥ ሲቀባም ቆዳውን ከማሳሳቱ በላይ የዓይንን ግፊት ከፍ በማድረግ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ)፣ ሲቆይም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ቦታ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ስቴሮይድ ያልሆነውን ታክሮሊመስ ነው። ቅባቱ በመጀመሪያ የወጣው ለኤክዜማ (ለሚያሳክክ የቆዳ ቁጣ) ሲሆን፣ ለልጆች 0.03 በመቶ የሆነው በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ ይህም ብዙዎችን ቶሎ ያስተዋቸዋል፤ ለውጡን ለመመዘን ግን ከ3 እስከ 6 ወር መታገሥ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ2022 ለለምጽ የተፈቀደው የሩክሶሊቲኒብ ክሬም ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ስለሆነ ለልጅዎ ገና ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለምጽ መሆኑ ይረጋገጥ። በልጆች ፊት ላይ የሚወጣ፣ ጠርዙ የማይለይና ስስ ቅርፊት ያለው ደብዛዛ ንጣት ለምጽ አይደለም፤ ስሜት የማይሰጥ ንጣት ከሆነ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ይፈልጋል። በጨለማ ክፍል ዉድስ ላምፕ የተባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ለምጽ ደምቆ ይለያል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) የደም ምርመራም ቢታከል መልካም ነው፤ ለምጽም ሆነ ብዙዎቹ የታይሮይድ ሕመሞች የሰውነት መከላከያ የራሱን ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጡ በመሆናቸው አንዳንዴ አብረው ይገኛሉ።

ተስፋውን በተመለከተ፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ለሕክምና የተሻለ ምላሽ የሚሰጠው ፊት ነው። ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ካሉ ሕዋሳት ስለሆነ የሽፋሽፍቷን ቀለም አስተውለው ይንገሩኝ።

ከልጅነቴ ለምጽ ያለብኝ፦
ጸበሉን ከሕክምናው ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ፊቷን ግን አጥብቀው አይሹት፣ እርሷም ዓይኗን ማሸት ትተው። ቆዳ በተፋተገና በተላጠ ቁጥር ለምጽ እዚያው ላይ ሊወጣ ይችላል። ኩልም ይቅርባት፤ አንዳንዱ እርሳስ አለበትና። እኔ የዓይኔ ዙሪያ በአብዛኛው የተመለሰልኝ በቅባትና በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና ነው፤ የጣቶቼ ጫፍ ግን እስካሁን ነጭ ነው። ለአስተማሪዋም በሽታው በመነካካት እንደማይተላለፍ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ልጆች አጠገቧ አንቀመጥም ሲሉ ከንጣቱ ይልቅ የሚጎዳት እሱ ነው።

እናት ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽፋሽፍቷ ጥቁር ነው፤ በቀኙ ጥግ ብቻ ሁለት ሦስት ነጭ አይቻለሁ።

የቆዳ ሐኪም፦
እንግዲያው ያ ጥግ ሊዘገይ ይችላል፣ የቀረው ግን መልካም ዕድል አለው። ዓይኗ ከቀላ፣ ብርሃን ካስቸገራት፣ እይታዋ ከደበዘዘ ወይም ከራስ ምታት ጋር ጆሮዋ ከጮኸ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዷት።