የዋር ፋይል በትእዛዝ መስመር እንዴት ይፈታል?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበትን የጃቫ ዌብ ፕሮግራም ተረክቤያለሁ። ምንጭ ኮዱ የለም፤ ያለው የዋር ፋይል (ሙሉ ፕሮግራሙ የታሸገበት አንድ ፋይል) ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፣ ጥቁር ስክሪን ብቻ። የዳታቤዙን አድራሻ ለማየት እንዴት ልፍታው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ! ዋር ማለት ዚፕ ነው። ግን ጃር የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም ነገር ያለህበት ፎልደር ላይ ነው የሚዘረግፈው፣ እንደተቀደደ የጤፍ ጆንያ። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ፍጠርና ግባበት። ከዚያ ጃር፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤክስ፣ ኤፍ (ሁሉም በትንንሽ ፊደል)፣ ቀጥሎ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ጻፍ። በኤክስ ፈንታ ቲ ካደረግህ ሳይፈታ ዝርዝሩን ያሳይሃል፤ እኔ ሁሌም ከዚያ ነው የምጀምረው። የፕሮፐርቲስ ፋይሎችን (እንደ ዳታቤዝ አድራሻ ያሉ ቅንብሮች የሚጻፉባቸውን) ዌብ-ኢንፍ የሚባለው ፎልደር ስር፣ ክላስስ ውስጥ ፈልግ።

መልስ፣ ከወልድያ፦
ጃር የሚመጣው ከጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያው ጥቅል) ጋር ነው። ጄአርኢ (ጃቫን ማስኬጃው) ብቻ ከተጫነ አንዚፕ የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀም፤ ሰረዝ ዲ ብለህ መድረሻውን ፎልደር ትሰጠዋለህ። አደራ፣ ቶምካት (የጃቫ ዌብ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሰርቨር) ዌብአፕስ የሚባለው ፎልደሩ ውስጥ እንዳትፈታው! ቅጂውን ሌላ ቦታ ወስደህ ፍታ፤ ሰው እየሠራበት ነው።

ጠያቂ፦
ጄአርኢ ብቻ ነበር፤ አንዚፕ ፈታልኝ። አድራሻውም ክላስስ ውስጥ ተገኘ። አላህ ይስጥልኝ፣ ኑሩልኝ።