«አይስ» የሚለው ቃል በሥራ ቦታ፣ በመንገድና በስልክ ላይ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ፣ አውሮራ (ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ወደዚህ የመጣሁት በቅርቡ ሲሆን፣ የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ኮርስ ጨርሼ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ መግቢያ ሥልጠና ላይ እገኛለሁ። «አይስ» በረዶ ማለት እንደሆነ ከሀገር ቤት ጀምሮ ባውቅም፣ እዚህ ግን በረዶ በሌለበት ቦታ ሁሉ ስለሚገጥመኝ ግራ ገብቶኛል። በአንዲት ታማሚ መዝገብ ላይ በአፍ ምንም እንዳይሰጣት ከታዘዘ በኋላ «አይስ ቺፕስ ብቻ» የሚል ተጨምሮበታል፤ የሚገባና የሚወጣ ፈሳሽ በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ስንት ብዬ እንደምጽፈው አላወቅሁም። ወደ ሥራ በምሄድበት መንገድ ድልድዩ አጠገብ «ብሪጅ ሜይ አይስ ቢፎር ሮድ» የሚል ምልክት አለ። የሥራ ባልደረባዬ በስልክሽ ላይ «አይስ» አስገቢ ብላ ስትመክረኝ፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ ያንኑ ስም በሥጋት ያነሡታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስለ መኪና ሲጽፍልኝም «አይስ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?» ይለኛል። በሥልጠናው መርሐ ግብር የመጀመሪያ ተራ ላይ ደግሞ «አይስብሬከር» ተብሎ ተጽፏል። የምታውቁትን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ነርስ፣ ዴንቨር

እኅቴ፣ እንኳን በደኅና መጣሽ። ከታማሚዋ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሌላው ቢዘገይ ይዘገያል፣ ይህ ግን ዛሬ ማታ ፈረቃ ላይ ሊያስፈልግሽ ይችላል።

አይስ ቺፕስ ማለት የተፈጨ በረዶ ነው። መጠጣት የተከለከለ ታማሚ አፉ እንዳይደርቅ ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ትእዛዙ በመዝገቡ ላይ ከሌለ ታማሚው ቢለምንሽም፣ ቤተሰቡ ቢቆጣሽም አትስጪ፤ ተረኛዋን ነርስ ጠይቂ። ስትሰጪም ታማሚዋ ቀና ብላ መቀመጧን አረጋግጪ፤ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አትጨምሪ።

አመዘጋገቡን በተመለከተ፣ የተፈጨ በረዶ በቁርጥራጮቹ መካከል ብዙ አየር ስላለው ሲቀልጥ የሚወጣው ውኃ ኩባያውን ከሞላው በረዶ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ግማሹ ነው። 8 አውንስ የሚይዝ ኩባያ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ሙሉ በረዶ ከጨረሰች 120 ትጽፊያለሽ፤ የኩባያውን ግማሽ ብቻ ወስዳ ከተወችው ደግሞ 60 ይሆናል። አንዱ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን፣ በአንዳንድ ቅጾች ላይ «ሲሲ» ተብሎ የሚጻፈውም ከሚሊ ሊትር ጋር አንድ መሆኑን በቃልሽ ያዢው። አይስ ክሬም ግን በግማሽ አይታሰብም፤ የበላችውን ያህል ሙሉውን እንደ ፈሳሽ ትመዘግቢያለሽ።

ሌላም ብዙ አዲስ ሠራተኛ የማያስተውለው ነገር አለ። የመዋጥ ችግር ስላለባቸው ውኃቸው እንዲወፍር የታዘዘላቸው አረጋውያን አሉ። በረዶው እጅሽ ላይ ጠጣር ቢሆንም አፋቸው ውስጥ ገብቶ ሲቀልጥ ቀጭን ውኃ ይሆናል፤ በአየር ቧንቧቸው በኩል ወደ ሳንባ ወርዶም የሳንባ ምች ሊያመጣባቸው ይችላል። አይስ ክሬምና ጄሎም እንደዚሁ አፍ ውስጥ ስለሚቀልጡ ነርሷ ወይም የመዋጥ ባለሙያዋ በግልጽ ካልፈቀደች አይሰጡም። «አይስ» የሚለውን ስታዪ መጀመሪያ የአመጋገብ ትእዛዙን ገልጠሽ አንብቢ።

ከማሽኑ በረዶ ስትቀጂ ደግሞ በኩባያ ወይም በእጅሽ አትዝገኚ፤ መዛቂያ ማንኪያውን ተጠቀሚ፤ ስትጨርሺም በረዶው ላይ ጥለሽው አትሂዲ፣ ከውጭ ባለው መያዣው ላይ መልሺው። የቁጥጥር ሰዎች መጥተው በቅድሚያ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ረዳት፣ ሲያትል

ነርሷ ባለችው ላይ ትንሽ ልጨምር። «አይስ ሂስ ኒ» ብትባዪ ቃሉ እዚህ ላይ ግሥ ነው፤ ጉልበቱ ላይ በረዶ ያዢለት ማለት ነው። በረዶውን ቆዳው ላይ በቀጥታ አታሳርፊው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ያዢው። የስኳር ሕመም ያለባቸውና እግራቸው የደነዘዘ አረጋውያን ቆዳቸው በብርድ ሲጎዳ ላይሰማቸው ስለሚችል በየመካከሉ ፎጣውን አንሥተሽ ማየት አለብሽ። በሥልጠናው «ራይስ» የሚል ምሕጻረ ቃልም ያስተምሩሻል፤ ከምንበላው ሩዝ ጋር አይገናኝም። ማረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ በፋሻ ማጥበቅና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚሉት አራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ምሕጻሩን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሱ ከዓመታት በኋላ በረዶ ሕመሙን ቢያስታግስም መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፏል። ስለዚህ በረዶ በብዛት መያዝ ቶሎ ያድናል ብለሽ ከታዘዘው በላይ አትሂጂ።

መልስ፦ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ኮሎራዶ

የመንገዱን ምልክት ለእኔ ተዉልኝ። «ብሪጅ ሜይ አይስ ቢፎር ሮድ» ማለት «ድልድዩ ከመንገዱ ቀድሞ በበረዶ ሊሸፈን ይችላል» ማለት ነው። መንገዱ ከሥሩ የመሬት ሙቀት ያገኛል፤ ድልድዩ ግን ከላይም ከታችም ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚያገኘው ፈጥኖ ይረጋል። እስከዚያች ቅጽበት መንገዱ ደረቅ ሆኖ በደኅና ስትነጂ የመጣሽ ብትሆኚም፣ ድልድዩ ላይ ስትወጪ ጎማሽ በድንገት ሊንሸራተት ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው «ብላክ አይስ» የሚባለው ነው። ስሙ ጥቁር ይበል እንጂ ቀለም የለውም፤ እንደ መስተዋት ቀጭንና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለው አስፋልት ይታያል፤ ሾፌሩም መንገዱ እርጥብ ነው ብሎ ያልፋል። ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ፀሐዩ ኃይለኛ በመሆኑ ቀን የወረደው ስኖው በእኩለ ቀን ይቀልጥና አመሻሽ ላይ እንደገና ይረጋል፤ ስለዚህ የማታ ፈረቃ ጨርሰሽ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የምትነጂ ከሆነ በተለይ የሕንፃ ጥላ ያረፈባቸውን ቦታዎችና ከአውራ ጎዳና መውጫዎችን ተጠንቀቂ። ውኃ የሚረጋው በ32 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ የመኪናሽ ሰሌዳ ግን ብዙውን ጊዜ 37 ገደማ ላይ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያበራል፤ ገና አልረጋም ብለሽ አትናቂው። ጎማው ሲንሸራተት ፍሬን አትምቺ፤ እግርሽን ከነዳጅ መስጫው አንሺ፤ መሪውን በድንገት ሳታዞሪ መሄድ ወደምትፈልጊበት አቅጣጫ ብቻ ያዢው።

«አይስ ሜልት» ብለው በባልዲና በከረጢት የሚሸጡት ደጃፍ ላይ የሚበተን ማቅለጫ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ አትግዢ፤ ተራው ጨው፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ኃይሉን ያጣል፤ ካልሲየም ክሎራይድ ግን ከዚያ በጣም በሚበርድ ቀንም ይሠራል። ዋጋው ስለሚወደድ ለመግቢያው ደረጃ ብቻ ብትጠቀሚበት ይበቃል።

መልስ፦ አባል፣ ሜሪላንድ

ስልኩና ጎረቤቶችሽ የሚያነሡት ነገር ሦስቱም የእንግሊዝኛ ፊደላት በትልቁ ሲጻፉ የሚመጡ ምሕጻሮች ናቸው። የስልኩ «በድንገተኛ አደጋ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ምሕጻር ነው። አንቺ ራስሽን ስተሽ ብትገኚ የሚጠራልሽን ሰው ስም ከፊቱ ይህን ጽፈሽ ትመዘግቢያለሽ፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2005 ያስፋፋው ቦብ ብሮቺ የተባለ የእንግሊዝ የአምቡላንስ ባለሙያ ነው። ዛሬ ግን ስልክሽ ስለሚቆለፍ በስም ዝርዝር ውስጥ መጻፉ ብቻ አይጠቅምም፤ በአይፎን «ሜዲካል አይዲ»፣ በአንድሮይድም የድንገተኛ መረጃ በሚለው ቦታ ብታስገቢው ሳይከፈት ይታያል። አለርጂ ካለብሽም እዚያው ላይ ጻፊው።

ጎረቤቶችሽ የሚሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመውን፣ በሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ያለውን የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሕግ አስከባሪ ተቋም ነው። የግሪን ካርድና የዜግነት ማመልከቻሽን የሚያየው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ ነው፤ ከእርሱ ደብዳቤ ሲመጣ ከዚህኛው ጋር አታደባልቂው። ዕድሜው 18 የሞላ የግሪን ካርድ ባለቤት ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት ሕጉ ስለሚያዝ፣ አንቺም ካርድሽን ቤት ውስጥ ደብቀሽ አታስቀምጪው። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ሲኖርሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ እንጂ ቡና ላይ የተወራውን አትከተዪ።

መልስ፦ አባል፣ አዲስ አበባ

ወንድምሽ የሚለው በነዳጅ የሚሠራውን፣ ነዳጁ ሞተሩ ውስጥ የሚቃጠለውን መኪና ነው፤ የዚያ ዓይነት ሞተር የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር እንደዚሁ «አይስ» ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ቃሉ በመኪና ደላሎች ዘንድ ተለምዷል። ከውጭ ልታስገቢለት አስበሽ ከሆነ ምርጫው ያለቀ ነው፤ እዚህ ያለ ያገለገለ ሊገዛ ከሆነ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻለዋል። ቡና ላኪ ቤት የሚሠራ ዘመድ ካለሽ ደግሞ እርሱ «የአይስ ዋጋ ወረደ» ሲል ስለ መኪና እንደማያወራ እወቂ፤ የዓረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚወሰንበት የኒው ዮርክ ገበያ ባለቤት ኩባንያ ስሙ ሲያጥር ያንኑ ይሰጣል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ ያለችኝን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ አንደኛው «አይስብሬከር» ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ መጦሪያው የሚመጡ የናሙናና የመድኃኒት ካርቶኖች ላይ የሚለጠፈው «ድራይ አይስ» የሚለው ነው። እርሱን የመክፈት ተራ ቢደርሰኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር

ልጄ፣ አይስብሬከር የማይተዋወቁ ሰዎች ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት እንዲግባቡ የሚደረግ አጭር ጨዋታ ነው። ስምሽንና ስለ ራስሽ አንድ ነገር እንድትናገሪ ይጠይቁሻል፤ ስለ ሀገርሽ ምግብ ወይም ስለ ልጅነትሽ ሁለት ዐረፍተ ነገር አዘጋጅተሽ ብትሄጂ ይበቃል፤ ስለ ደመወዝና ስለ ሃይማኖት ባይነሣ ይመረጣል። አለቃሽ አንድን ጉዳይ «ኦን አይስ» አለች ማለት ለጊዜው ይቆይ አለች ማለት ነው፤ አንድ ሠራተኛ «ኦን ቲን አይስ» ከተባለ ግን ከሥራ ለመባረር ተቃርቧል፤ በዝምታ አዳምጪ እንጂ አትድገሚው። ወጣቶች ደግሞ አልማዝንም፣ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደገኛ ዕፅም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ፣ የማታውቂው ሰው «አይስ አለሽ?» ብሎ ቢጠይቅሽ ስለ ውኃ እየጠየቀሽ አይምሰልሽ።

መልስ፦ የአየር ጭነት ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ

ድራይ አይስ ከውኃ የተሠራ በረዶ አይደለም፤ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሆነ ባዶ እጅን እንደ እሳት ያቃጥላል። ካርቶኑ ላይ በአደገኛ ዕቃ ምልክት ውስጥ 1845 የሚል ቁጥር ካየሽ እርሱ ነው። ወፍራም ጓንት አድርጊ፤ መስኮት ወይም በር ክፈቺ፤ ፊትሽንም ካርቶኑ ላይ አታጎንብሺ። ሲሞቅ ወደ ውኃ ሳይለወጥ በቀጥታ ጋዝ ስለሚሆን በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከተከተተ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል፤ በተዘጋ ክፍል ወይም በመኪና ውስጥ ከሆነም አየሩን ይመርዘዋል። የተረፈውን ማጠቢያ ውስጥ አትድፊው፣ ቧንቧውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ማንም በማይደርስበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ካርቶኑን ገርበብ አድርገሽ ተዪው፤ በራሱ ጊዜ ተንኖ ያልቃል። ካርቶኑን ከመክፈትሽ በፊት ግን ዕቃውን ማን እንደሚረከብ ነርሷን ጠይቂ፤ በብዙ መጦሪያዎች መድኃኒት የመረከብ ሥልጣን ለሲኤንኤ አይሰጥም።