የመጀመሪያ ደንበኛዬን ብቻዬን ልቀበል ነው፤ ምን ብዬ ልጀምር?

ቧንቧ_ውሃ

ሰላም ቤቶች። ያለሁት ደሴ ነው። ሳይኮሎጂ ተምሬ ባለፈው ዓመት ተመረቅኩና አሁን እዚሁ ከተማ በአማካሪነት ተቀጥሬያለሁ። እስካሁን ሥራዬ ከሲኒየሯ ጎን ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። አሁን ግን ብቻዬን ልገባ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ «እንኳን ደህና መጡ» እያልኩ እለማመዳለሁ፤ ታናሽ እህቴ «ሆቴል ነው እንዴ የተቀጠርሽው?» እያለች ትስቅብኛለች። ስለ ሥነ ልቦና ሊቆቹ ስለ ፍሮይድም ስለ ሮጀርስም ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ግን በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው? ይሄን ማንም አልነገረኝም።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ዕድሜዬ ነው። 24 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁ፣ አልወለድኩ። እናቴን የሚያክሉ፣ ልጅ ቀብረው የመጡ ሴት ፊት ቁጭ ብዬ ምን ብዬ ነው የምመክረው? ዝም ቢሉስ? ቢያለቅሱስ? ራስን ስለማጥፋት ጠይቂ ይባላል፤ ሰው አይቀየምም?

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ። «አይዞሽ ትችያለሽ» የሚለውን እናቴ ብላኛለች፣ እሱ ይበቃኛል።

(ታርሟል፦ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጽፌ ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። ከታች የተቆጣኸኝ ወንድሜ ልክ ነህ።)

ኮምቦልቻ_ታች

መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን አጥፊው እህቴ። ደሴ ናት ይቺ። ፒያሳ ያነጠሰ ሰው መናፈሻ ላይ «ይማርህ» ይባላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ምን ብዬ ነው የምመክረው» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የስማችን ነው። በራችን ላይ «አማካሪ» ተብሎ ተለጥፏል፤ አማካሪ ደግሞ ይመክራል። ሰው እንደዚያ ብሎ ይመጣል፣ እኛም እንደዚያ ብለን እንቀበለዋለን። እኔ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ገና ስለ ትዳሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተቀበልኩትና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትዕግስት፣ መቻቻል፣ መነጋገር እያልኩ ሰበክሁለት። «እሺ» ይላል። «ልክ ነህ» ይላል። ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አልተመለሰም። ትዳሩ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትማ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራሽ መምከር አይደለም። ይሄ ክፍል ምን እንደሆነ መንገር፣ መስማት፣ የሚያሰጋ ነገር አለ ወይ ብሎ ማወቅ፣ ሰውየው ሁለተኛ እንዲመጣ ማድረግ። በቃ። ሮጀርስን ካነሳሽው አይቀር፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ብሎ ከጻፋቸው ነገሮች ውስጥ ምክር የለም። አማካሪው ሳያስመስል መገኘቱ፣ የመጣውን ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉ፣ ነገሩን በሱ ዓይን ለማየት መሞከሩ፣ ይሄም ለሰውየው መሰማቱ ነው ያለው። ዕድሜም ትዳርም አልጠየቀም።

አጀማመሩን እንደ አገራችን አድርጊው። ወሎ ሰላምታው ረጅም ነው፣ አትቁረጪው። ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና፣ ዝናቡ ጣለ ወይ። ሰውየው በዚያች ደቂቃ አንቺን እያየሽ ነው፤ ትቸኩያለሽ ወይስ አትቸኩይም ብሎ። «ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ»ን ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ግን እንደ መልስ እንዳትይዢው። እሱ ለፈጣሪ የተሰጠ ነው፣ ያንቺ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ከዚያ እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ዛሬ 50 ደቂቃ ያህል አብረን እንቆያለን። የሚነግሩኝ ምስጢር ነው። ግን ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዱ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም፤ ያኔም መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው። ሥራዬን የምታይልኝ ሲኒየር አለች፣ ከሷ ጋር እመካከራለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ከፈለጉበት ይጀምሩልኝ።» አዲስ መሆንሽን ከጠየቁሽ አትደብቂ። በዕድሜ ለሚበልጥሽ «አንቱ» ወይ «እርስዎ» ነው፣ «አንቺ በዪኝ» እስኪሉሽ ድረስ።

ክፍሉን ቀድመሽ ግቢና እዪው። ጠረጴዛውን ከመሃል አውጪ፤ ቀበሌ መታወቂያ የምታድሺላቸው አስመስሎሻል። ወንበሮቹን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ አድርጊ፣ ሰው ሲፈልግ መስኮቱን ይይ። የግድግዳ ሰዓቱን ከሰውየው ኋላ ስቀይ፤ የእጅ ሰዓት ወይ ስልክ ካየሽ «ሂዱልኝ» ነው የሚሆነው።

ጦሳ_ሥር

ይቅርታ ግን ወሎ ውስጥ አማካሪ ምን ይሠራል? ቡና አለ፣ ዱአ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ አስታራቂ አባጋር አለ። አቦል ላይ ያልወጣ ጭንቀት በረካ ላይ ይወጣል። ለወሬ ብር ከፍሎ መሄድ የፈረንጅ ነው።

ሐይቅ_ዳር

ወንድም ጦሳ ሥር፣ ቡናው ላይ የማይወጣ ነገር ስለነበረኝ ነው የሄድኩት። አንዴ ጎረቤት ቡና ላይ ትንሽ ተነፈስኩ፤ ወላሂ እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ቤቴ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጋሁት። ሆድ ደግሞ ይፈጃል እንጂ አያጠፋም።

እህቴ ቧንቧ ውሃ፣ እኔ አማካሪ አይደለሁም፣ ደንበኛ ነበርኩ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነው። እንቅልፍ የለም፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ የቆርቆሮ ድምፅ ስሰማ አልጋ ሥር መግባት ነው የሚያምረኝ። ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ልብሽ ደህና ነው ተባልኩ። ዱአ ተደረገልኝ። ክርስቲያን ጎረቤቴ ደግሞ ፀበል ወስዳኛለች፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ አንዷ አማካሪ ጋ ተላክሁ።

ያቺ ልጅ ካንቺ ብዙም አትበልጥም ነበር። «እስካሁን ምን ምን ሞከርሽ?» አለችኝ። ዱአውንና ፀበሉን ስነግራት ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ነበር። «የትኛው አሳረፈሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አስቤ የማላውቀው ጥያቄ ነው። ዱአው ላይ ሰዎች ሲያጉተመትሙ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«አማኑኤል ሆስፒታል ልትልኪኝ ነው?» አልኳት። አልሳቀችም። «ሰው ብቸገር አማኑኤል ይሉኛል ብሎ ነው እዚህ ለመምጣት የሚፈራው፣ አንቺም ፈርተሽ ነበር?» አለችኝና በዚያው ማልቀስ ጀመርኩ። ሶፍቱ ጠረጴዛው ላይ እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር፤ አንስታ አልሰጠችኝም። ይሄን የምነግርሽ ከሷ በፊት ሌላ ቦታ አንድ ሰውዬ እንባዬ ገና ጠብ ሲል ሶፍት ወደ አፍንጫዬ ስለዘረጋልኝ ነው። ደግነት ነው፣ ግን «በቃሽ» ነው የመሰለኝ፣ ዋጥኩት። እሷ ዝም አለች። ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ እሷ ዝም። መጀመሪያ ጨነቀኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ትከሻዬ ወረደ።

አንድ ያልወደድኩት፣ አስር ገጽ ያህል ስትጽፍ ነበር። ምን እየጻፈች ነው እያልኩ ግማሽ ጆሮዬ እስክሪብቶው ላይ ነበር። ከጻፍሽ ንገሪያቸው፣ ወይ ሲወጡ ጻፊ።

ኮምቦልቻ_ታች

ሐይቅ ዳር ተባረኪ። የወሬውን ነገር ስታነሺ አንድ የረሳሁት ትዝ አለኝ።

ቧንቧ ውሃ፣ መንገድ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ። እዚህ አገር አይቶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ስድብ ነው፣ ግን ሰላም ካልሻቸው አብሯቸው ያለው ሰው «ማናት?» ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። «ውጭ ስንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም፣ ንቄዎት አይደለም፤ እርስዎ ካሉኝ እመልሳለሁ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ሳልናገር ቀርቼ አንድ ሰው ለሁለት ወር ተቀይሞኛል።

ወልድያ_ነርስ

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ያቺን የፈራሻትን ጥያቄ ብቻ ልመልስ።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። ተጠንቶ ታይቷል፤ እኔም በሥራዬ ያየሁት አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ እፎይ ሲል ነው። የሚጎዳው አጠያየቁ ነው። «መጥፎ ነገር አላሰቡም አይደል?» ካልሽ መልሱን አብረሽ ሰጠሻቸው፤ «ኧረ አላሰብኩም» ይሉሻል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትሸኛቸዋለሽ። በስሙ ጥሪው፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የኛ ሰው ደግሞ «ምነው እኔን በወሰደኝ»፣ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይላል፤ አንዳንዱ ለንግግር ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፣ ከፊት አይለይም። «ይሄን ሲሉ ከምርዎ ነው?» ብለሽ ቀጥይ። አዎ ካሉ፣ መቼ፣ እንዴት፣ ከዚህ በፊትስ ሞክረው ያውቃሉ ወይ፣ ያሰቡበት ነገር እቤት አለ ወይ። ቁርጥ ያለ ሐሳብ ካለ ብቻቸውን አትልቀቂ፤ ሲኒየርሽን እዚያው ጥሪ፣ ከቤተሰብ ማን እንዲመጣ እንደሚፈልጉ ጠይቂ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታዩ። የሚጎዳውንም ነገር ከቤት የሚያርቅ ሰው ይኑር።

ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መለኪያ መጠይቅ ካላችሁ ተጠቀሚበት፣ አማርኛው አለ። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። ዘጠነኛዋ ስለ ሞት ሐሳብ ናት፣ እሷ ከ0 በላይ ከሆነች ድምሩ ትንሽ ነው ብለሽ አትለፊ። ሰው ገና እንደተቀመጠ ግን ወረቀት አትስጪ። ማንበብ የማይችሉም አሉ፣ አፍረው «መነጽሬን ረሳሁ» ይሉሻል።

«ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ሲሉሽ ደግሞ ወደ «ስሜት» ለመተርጎም አትቸኩይ። የት ጋ፣ መቼ መቼ ብለሽ ተከተያቸው። ሐኪም ካላያቸው ይያቸው፣ ደም ማነስም እንቅርትም ሊሆን ይችላል።

ጦሳ_ሥር

እሺ፣ የቡናውን ነገር አንስቻለሁ። ሐይቅ ዳር አትቀየሚኝ። አንድ ልጠይቅ፣ ለወንድሜ ነው፣ ሰው ሳያየው የሚገባበት በር ያለው ቦታ ታውቃላችሁ? በውስጥ ጻፉልኝ።

ቧንቧ_ውሃ

ተመልሼ መጥቻለሁ። ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ስለመጣው ሰው አንድ ቃል አልጽፍም። ስለ ራሴ ግን እነሆ።

ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ሄደ፣ አልቆረጥኩትም። ስለ ምስጢር ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቦታ ላይ «እኔ ብሆን ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩና ኮምቦልቻ ታች ትዝ ስትለኝ ምላሴን ነከስኩ፤ «ይቅርታ፣ ይቀጥሉ» አልኩ። ያቺን ጥያቄ በስሟ ጠየቅኋት። የመንገድ ላይ ሰላምታውንም ተስማማን፣ ትንሽ አሳቀን እንዲያውም።

ሰዓቱን እንዳላችሁኝ ከወንበሩ ኋላ ሰቅየው ነበር። ቀና ባልኩ ቁጥር ገና 4 ከሩብ ነው፤ ጊዜው እንዴት በረካ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ባትሪው አልቆ ቆሟል (የቆመበት ነው፣ ቀጠሮው አይደለም ኮምቦልቻ ታች)። ሲኒየሯ በር ስታንኳኳ ከጀመርን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አልፏል። ሁለተኛ ቀጠሮ ይዘናል። ባትሪ ዛሬ ማታ ገዝቻለሁ፣ ሁለት።