የዕድራችን ትርፍ ገንዘብ ለብርዱ ወራት ምግብ ይዋል ወይስ ለጤና መድን? (ክርክር፣ ሐረር)

የዕድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ጎረቤቶቼ። እሁድ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ እዚህ እንነጋገርበት። ከወርሃዊ መዋጮ የተረፈ ገንዘብ አለ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ 11 አረጋውያንም አሉን። አንዱ ሐሳብ ከህዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ በየሳምንቱ ማር፣ ወተት፣ ብርቱካንና የማሽላ ዱቄት እንግዛላቸው ነው። ሌላው በዚሁ ብር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ እንክፈልላቸው ነው። ለሁለቱም አይበቃም። በሚመጣው እሁድ ድምፅ እንሰጣለን፤ እስከዚያ የልባችሁን ጻፉ።

የቀላድ አምባዋ፦
እኔ ለምግቡ ነኝ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ወጣ፣ ብርዱም አብሮ ሄደ የሚል ሰው ካለ ታህሳስ ላይ አንድ ሌሊት ከአንድ አረጋዊ ጋር ይደር። ቀን ፀሐይ ስለሚወጣ ያታልላል፤ ማታ ግን ነፋሱ በቆርቆሮው ስር ገብቶ አጥንት ይፈልጋል።

እናቴን ያስታመምኳት በእነዚህ ወራት ነው። ሳሉ አልነበረም የጣላት፤ አለመብላቷ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ለአንድ ሆድ ብሎ እሳት አያነድም። ሻይ በዳቦ ቁርሱም እራቱም ይሆናል። ከዚያ ጉንፋን ሲመጣ ሰውነቱ ምን ይዞ ይከላከል?

ምርቱ ደግሞ በዚሁ ሰሞን ነው ደጃችን የሚደርሰው። ማሽላው ህዳርና ታህሳስ ይታጨዳል፣ የባቢሌ ለውዝ ከማሳ ይወጣል፣ ስኳር ድንች በየጉልቱ ይቆለላል። የማሽላ ገንፎ፣ ትኩስ አጥሚት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፤ ከሩቅ የሚመጣ ነገር አልጠየቅንም። እነዚህን 11 ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ እናብላቸው ነው የምለው።

ነርስ ነኝ፣ ከሸንኮር፦
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ድምፄ ግን ለመድኑ ነው። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳልም ያስታግሣል (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፣ አደገኛ ነው)። የሳንባ ምችን ግን አያድንም። አረጋዊ ሰው ላይ ደግሞ የሳንባ ምች ተደብቆ ይመጣል። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ምግብ እምቢ ይላል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በሥራዬ የማየው ይሄንን ነው። ዘግይተው ይመጣሉ። ለምን ዘገያችሁ ስላቸው «የካርድ አልነበረኝም» ይላሉ። ወይ ጎረቤት ጠጥቶ የተረፈውን አሞክሳሲሊን ሁለት ቀን ውጠው ተወት አድርገውታል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሳንባ ምች ሲሆን ደግሞ ሁለት ፍሬ አይበቃውም፣ ተህዋሲያኑን መድኃኒት ያስለምዳል እንጂ።

ብርቱካንን በተመለከተ፣ በቫይታሚን ሲ ከሆነ ዘይቱን የሚባለው ፍሬ ይበልጠዋል። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው፣ ብርቱካን 50 ገደማ። ያም ሆኖ ቫይታሚኑ ጉንፋን እንዳይዝ አያደርግም፤ አዘውትሮ ለሚወስደው የሕመሙን ቀን በጥቂቱ ያሳጥራል። ከዚህ በላይ ተስፋ አንስጣቸው።

የሳቢያን ልጅ፣ ድሬ፦
አቦ እኔም ልናገር፣ አባቴ ከ11ዱ አንዱ ነው። የድሬ ሰው ትኩሳትን በዳማ ከሴ ብቻ የማስታመም ልማዱን መተው በከባድ ዋጋ ነው የተማረው። በ2006 ዴንጊ መጣ። በ2011 ነሐሴ ደግሞ ቺኩንጉኒያ ገባና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተኛ፤ ከከዚራ እስከ ሳቢያን መገጣጠሚያው ያላበጠ ቤት አልነበረም። እኛ ቤት መጀመሪያ «ምች ነው» ብለን ተሸፋፍነን ስንታጠን ነበር። ትንኟ ቀን የምትነክስ፣ ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜል የምትራባ ናት። ዴንጊ ከሆነ ደግሞ አስፕሪን መዋጥ ደም ያፈሳል። ወላሂ፣ ድሬ ደርሶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው ሳይመረመር ቤት አይቆይ። ሐረር ብርድ ስለሆነ ሁሉም ጉንፋን ነው አትበሉ። እኔ ለመድኑ ነኝ።

አዛውንቱ፣ ከጁጎል፦
ልጆቼ፣ እኛ ስናድግ ብርድ ሲመጣ ሆጃ ይፈላል። የቡናው ገለባ ከወተት ጋር፤ የሌለው ደግሞ ቁቲ፣ የቡና ቅጠሉን። መድኃኒት ነው ብለን አልነበረም የምንጠጣው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ማን እንደቀረ ይታያል፣ የቀረውን ልጅ ሄዶ ያንኳኳል። አሁን ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው። ከእነዚያ 11 ሰዎች ጋር በተራ ቁጭ የሚል ሰው ከተገኘ እኔ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ እቀበላለሁ። ጥቁር አዝሙድ በማር ግን ከቤቴ አላጠፋም፣ ነርሷ አትቆጪኝ።

ነርስ ነኝ፣ ከሸንኮር፦
አባባ፣ ኧረ አልቆጣዎትም፣ ይውሰዱ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መምህሩ፦
ስለ ምግብና ስለ ሐኪም ስንከራከር የተረሳ ነገር አለ። ብርድ ሲበረታ ሰዉ የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት ይጀምራል፣ እንቅልፍ ይጫጫናል፣ ከዚያ ሰውየው አይነቃም። በአንድ ቤት ያለ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ለማንኛውም ሰው የምንገዛው የመጀመሪያው ነገር ብርድ ልብስ መሆን አለበት፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ውጭ ይውጣ።

የበርጫ ክፍሉም ያው ነው። ከሰዓት በኋላ በር ተዘግቶ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀምጦ፣ አንዱ ያሳለውን ሌላው ይወስዳል። ጫቱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል። ሐረር ውስጥ ስለ ብርድ ወራት ጤና እያወራን ይህንን ካለፍነው ለራሳችን እየዋሸን ነው። ከአረጋውያኑም የሚቅሙ አሉ፤ ሳይበሉ አይጀምሩ ብንላቸው እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዝርዝሩ፦ የገና ጾም ህዳር 15 ይገባል። የእኛ ሽማግሌዎች ወተቱን አይነኩትም፤ ለእነሱ ለውዝ፣ ተልባና ሰሊጥ ይሁን። ለውዙን ስትገዙ የሻገተውን ለዩ። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ብትቆሉት አይጠፋም። ማሩም ለሁሉም አይሆንም፣ ስኳር ያለባቸው አሉ።

የቀላድ አምባዋ፦
መምህር፣ ስለ ከሰሉ ስላነሣህ ተባረክ። አሁን ግን አንድ ነገር እመልሳለሁ። የመድን ካርድ ትራስ ስር አስቀምጦ የሞተ ሰው አውቃለሁ። ሦስት ቀን ማንም አላየውም። ካርዱ እግር የለውም። «ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል» ያልሽውን እኮ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ እህቴ። ትናንት ገንፎውን የጨረሰ ሰው ዛሬ ሲመልሰው የሚያውቀው ገንፎውን ያመጣው ነው። ሐኪም ቤትም የሚያደርሰው እሱ ነው። ለዚህ ነው ምግብ፣ ምግብ የምለው።

ነርስ ነኝ፣ ከሸንኮር፦
ይሄንን አሳመንሽኝ፤ ብሩን ግን ለቀቅ አድርጊው። ትኩስ ምግብ ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዳችን ለቤታችን በምናበስለው ላይ አንድ ጭልፋ ብንጨምር 11 ሰው ይጠግባል። የመድኑን መዋጮ ግን ከድስት ማውጣት አይቻልም። ደግሞ መክፈል የማይችሉ ተብለው ለተለዩ አባወራዎች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ከ11ዱ ማን በዚያ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ጠይቀናል? ግማሾቹ ካሉ ለቀሩት ከፍለን ለብርድ ልብስም ይተርፈናል።

የቀላድ አምባዋ፦
ጥሩ ነው፣ መዝገቡ ይጠየቅ። በጭልፋው ግን አምናም ተራ አውጥተን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ለቅሶ ሄደች፣ አንዷ ረሳች፣ ሦስተኛዋ «ያቺ ካላደረሰች እኔስ» አለች። እትዬ ከታች ግቢ ሁለት ቀን በር በሩን እያዩ ዋሉ። እኔ ራሴ ከረሱት አንዷ ነበርኩ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። ገንዘቡ ለምግብ ይመደብ ያልኩት ሰው ተቀጥሮ፣ ኃላፊነት ወስዶ እንዲያደርስ ነው። በቃል ብቻ የሚሆን ከሆነ አልስማማም።

የሳቢያን ልጅ፣ ድሬ፦
አቦ አንቺ ደግሞ፣ ስም ይጻፍ! በየቀኑ ማን እንደሚያደርስ እዚሁ ይለጠፍ፣ ያደረሰ ሰው «ደርሷል፣ በልተዋል» ብሎ ይጻፍ። ያልተጻፈ ቀን ጸሐፊው ይደውል። እኔ ከድሬ በየቀኑ መምጣት አልችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከቀፊራ ፓፓያና ሎሚ ለ11ዱም ይዤ እወጣለሁ። ጻፉኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ፦
ስለዚህ እሁድ ድምፅ የሚሰጥባቸው ሦስት ሆኑ፦ ምግብ ብቻ፣ መድን ብቻ፣ ወይም መድንና ብርድ ልብስ ከእኛ ድስት ተራ ጋር። ነገ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ መዝገቡን አያለሁ። ለተራው እስካሁን የተመዘገበው ቅዳሜ ብቻ ነው።

አዛውንቱ፣ ከጁጎል፦
ማክሰኞን ለእኔ ቤት ጻፍ። ሆጃውን ባለቤቴ ታፈላለች፣ እኔ አደርሳለሁ።

የቀላድ አምባዋ፦
ሰኞና ሐሙስ የእኔ ነው። ከዛሬ ሐሙስ ይጀመር፣ እሁድን አልጠብቅም። ለእትዬ የማሽላ ገንፎ በተልባ እየሠራሁ ነው፣ ጾም ስለያዙ።