ኩሌ ደ ሴራን የተባለው ነጭ ወይን ተበላሽቶብኝ ነው ወይስ ጠባዩ ነው?

የጦሳ ጎረቤት (ደሴ)

ፈረንሳይ የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ኩሌ ደ ሴራን የተባለ ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ትናንት ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወዲያው ስከፍተው፣ እንደ ለመድኩት ፈዘዝ ያለ ቀለምና ቀለል ያለ ጣዕም ጠብቄ ሳለ፣ ቀለሙ እንደ ጠጅ ወርቃማ፣ ሽታው የታፈነ፣ ጣዕሙም ምላስ የሚይዝ ኮምጣጣ ሆኖ አገኘሁት። እንግዶቼ «ይህስ ሆምጣጤ ሆኗል» ብለው ወደ ጠላው ዞሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደ ተረፈ ነው። ወንድሜ ደግሞ የወይኑ ባለቤት የላም ቀንድ ውስጥ ፍግ ሞልቶ መሬት የሚቀብር ሰው ነው ይለኛል። እኛ ዘንድ ቀንድ ዋንጫ ሆኖ ሲጠጣበት እንጂ ሲቀበር ስላላየሁ ቀልድ መስሎኛል። ልድፋው ወይስ ላቆየው?

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እባክዎ አይድፉት። ሆምጣጤ የሆነ ወይን ከሩቁ አፍንጫ ይወጋል፤ አንዳንዴም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ይህኛው ግን ገና ሲከፈት መዓዛው ታፍኖ መቆየቱ የታወቀ ጠባዩ ስለሆነ፣ አምራቹ ኒኮላ ዦሊ ራሱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እንዲከፈትና 14 ዲግሪ ገደማ ላይ እንዲቀርብ ይመክራል። በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይታፈንና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይጎላል። በደሴ ብርድ ጓዳ ውስጥ ማሳደር ይበቃዎታል፤ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገን ዝቅ ብለን ለምንኖረው ነው።

የቀንዱ ነገር እውነት ነው። ማሳው በሎዋር ወንዝ ዳር፣ በአንዤ ከተማ አቅራቢያ በሳቨኒዬር ያለ 7 ሄክታር ያህል ተዳፋት ሲሆን፣ በ1130 እ.ኤ.አ. መነኮሳት ወይን የተከሉበት ነው፤ ዝርያውም ሸነን ብላን ብቻ ነው። ዦሊ በባንክ ሥራ ኒው ዮርክና ለንደን ቆይቶ በ1970ዎቹ ወደ ወላጆቹ ርስት ሲመለስ፣ አማካሪ የነገረውን ፀረ አረም ረጭቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የአፈሩ ቀለም እንደ ተለወጠና ነፍሳቱ እንደ ጠፉ ይናገራል። የኦስትሪያዊውን ፈላስፋ የሩዶልፍ ስታይነርን የ1924 የግብርና ትምህርቶች መሠረት ወዳደረገው፣ ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ አረም ትቶ እንደ ቀንዱ ፍግ ያሉ ዝግጅቶችን ወደሚጠቀመው ባዮዳይናሚክ እርሻ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ርስቱ በሙሉ በዚሁ መንገድ ይለማል።

ወርቃማው ቀለም ፍሬው በደንብ እስኪበስል ተጠብቆ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ቀናት እየተመረጠ ከመለቀሙ የመጣ ነው። እርሾም አይጨመርበትም፤ እንደ ጠጃችን በራሱ ይፈላል። «ደረቅ» መባሉ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ማለቁን ይናገራል እንጂ ቀላል መጠጥ ነው ማለት አይደለም።

የአፈር ሰው (ኮምቦልቻ)

በወይኑ አልከራከርም፤ ቀንዱን ግን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ፍጉ በመከር ተቀብሮ በጸደይ ይወጣና ለሄክታር 100 ግራም ገደማ በውሃ ለአንድ ሰዓት ተማስሎ ይረጫል። ይህን ያህል ፍግ ለተክል የሚሰጠው ምግብ ከቁጥር አይገባም። በካሊፎርኒያ ሜርሎ በተባለ የወይን ዝርያ ማሳ ላይ ተካሂዶ በ2005 የታተመ ጥናትም፣ በባዮዳይናሚክና በተለመደው ኦርጋኒክ እርሻ መካከል በአፈር ጥራት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ለእኔ አፈሩን የመለሰው ኮምፖስቱና የፀረ አረሙ መቅረት ነው። ባዮዳይናሚክ ማለት ምንም አይረጭም ማለትም አይደለም፤ ለሻጋታ በሽታ መዳብና ድኝ ይፈቀዳል።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ስለ 100 ግራሙ መልስ የለኝም። ነገር ግን ለአንድ ሰዓት ውሃ አማስሎ በየረድፉ የሚረጭ ገበሬ ማሳውን በእግሩ የሚዞር ገበሬ ስለሆነ፣ በሽታውንም ሆነ አረሙን ከሌላው ቀድሞ ያያል፤ የወይኑ ጣዕም ከዚህ ትጋት የመጣ ይመስለኛል። ዛሬ ሥራውን የምትመራው የዦሊ ልጅ ቪርዢኒም ይህንኑ መንገድ ይዛለች።

የጦሳ ጎረቤት (ደሴ)

እንደተባልኩት ጓዳ አሳድሬ ዛሬ ማታ ቀመስኩት። ኮምጣጣነቱ አልለቀቀውም፤ ሆኖም የማርና የደረቀ ፍራፍሬ ሽታ ወጥቶለታል። በዶሮ ወጥ ሞክረነው በርበሬው ዋጠው፤ ከአይብ ጋር ግን ተስማማ። «ሆምጣጤ ነው» ካሉት እንግዶች አንዱን ጠርቼው መጣ፤ አሁን የቀረው አንድ ብርጭቆ ነው፣ እሱንም ለነገ ደብቄዋለሁ።