ኢንሱሊን እየተወጋችሁ የጨጓራ ማጥበብ ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁ፣ እርዱኝ

የምኖረው ጅማ ነው። 46 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 118 ኪሎ። ዓይነት 2 ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት ሆነኝ፤ ደም ግፊትም አለብኝ። ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን እውጣለሁ፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። የሦስት ወር አማካዩ የስኳር ምርመራ 9.4 በመቶ ነው፣ ከፍተኛ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። እንጀራ ቀነስኩ፣ ቡና ያለ ስኳር ለመድኩ። ከሄርማታ ተነስቼ የጅሬንን ዳገት በእግሬ ስወጣ ከርሜ 7 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ አበጠ፣ ቤት ዋልኩ፣ ኪሎው ተመለሰ። ኢንሱሊኑ ሲጨመርልኝ ደግሞ ስኳሬ ሌሊት ይወርዳል። በላብ ተነክሬ እነቃለሁ። ልጄ በጨለማ ስኳር በጥብጣ ታጠጣኛለች፤ ብርጭቆውን የያዘው እጇ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው።

ሐኪሜ አዲስ አበባ ሄጄ ስሊቭ የሚባለውን፣ ጨጓራን ቆርጦ የማጥበብ ኦፕራሲዮን እንዳስብበት መከረኝ። የአንጀት ሆርሞኖች ስለሚለወጡ ኪሎው ገና ሳይቀንስ ስኳሩ በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል አለኝ። ግን በሽታው በቆየበትና ኢንሱሊን በጀመረ ሰው ላይ መድኃኒቱ ጨርሶ የመቅረት ዕድሉ ያንሳል፤ ቢቀርም ከዓመታት በኋላ ስኳሩ ሊመለስ ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቫይታሚን መውሰዱም ዕድሜ ልክ ነው። ለወጪው የባለቤቴን ባጃጅ ልንሸጥ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እንደኔ ለዓመታት ኢንሱሊን ስትወጉ ቆይታችሁ ስሊቭ ያሠራችሁ፣ 2 ወይም 3 ዓመት ካለፋችሁ በኋላ ኢንሱሊኑ እንደቀረ ነው ወይስ ተመልሳችሁ ጀመራችሁ?